የጥር ቲማቲም ለሐምሌ ወጥ

ባለፈው ሐምሌ ጎረቤቴ ሳህን ይዛ መጣች። «ቲማቲም ካለሽ ሁለት ፍሬ አበድሪኝ፤ ጉልቱ ላይ ዋጋ ጠይቄ ባዶ እጄን ተመለስኩ» አለችኝ። ትኩስ ቲማቲም እኔም አልነበረኝም። ከመደርደሪያው ላይ አንድ የማር ጠርሙስ አወረድኩ። ውስጡ ጥር ላይ ያደረቅሁት ቲማቲም ነበር። አንድ እፍኝ ዘግኜ ሳህኗ ላይ አደረግሁላት። ማታ ልጇ መጣና «እማዬ እንዴት እንደሚሠራ ጠይቃት ብላኛለች» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ለስንት ሰው እንደነገርኩ አላውቅም። አሁን ቁጭ ብዬ ልጻፈው ብያለሁ።

የምኖረው አዳማ ነው። ስድስት ዓመት ጉልት ተቀምጬ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ቸርችሬያለሁ። አሁን ቤት ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። አምስት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቻችንና አማቴ። የኪራይ ቤት ነው። አከራያችን እማማ ከውሃ ሮቶው ጎን ሦስት ሜትር በሁለት ሜትር የምትሆን ቦታ ፈቅደውልኛል። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሁሉ በዚያች ቦታ፣ በአንድ ትንሽ ማድቤትና በአንድ አሮጌ የአልጋ ሽቦ ላይ የተሠራ ነው።

ብዙ ሰው ሲወደድበት ትንሽ ይገዛል። እኔ ሲረክስ ብዙ እገዛለሁ። የቤቴ ወጪ የተስተካከለው ይህን ከጀመርኩ በኋላ ነው።

ወሩና ሰዓቱ

ቲማቲም ወደ አዳማ የሚመጣው ከመቂ፣ ከባቱ፣ ከቆቃ፣ ከዶኒ አካባቢ ነው። መስኖ ነው። የአንዱ ማሳ ሲደርስ የጎረቤቱም ይደርሳል። ቲማቲም እንደ ጤፍ ጎተራ ገብቶ ዋጋ አይጠብቅም። ገበሬው በሳጥን ሞልቶ አይሱዙ ላይ ይጭነዋል፤ ገበያው የሰጠውን ይቀበላል። እኔ ባየሁት፣ ከገና በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ባሉት ሳምንታት አንድ ጊዜ ሳይረክስ አያልፍም። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ቅጠሉን ያጠቁረዋል፣ ፍሬው ገና ማሳ ላይ እያለ ይበሰብሳል፣ ዋጋው ይሰቀላል። በሐምሌ ለሁለት ኪሎ የማወጣው ብር በጥር አምስት ስድስት ኪሎ የገዛልኝ ጊዜ አለ።

ሰዓትም አለው። ጠዋት የሚመጣ ደንበኛ ጠንካራውንና የሚያብረቀርቀውን መርጦ ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ መደቡ ላይ የሚቀረው የላላው ነው። 11 ሰዓት ሲሆን ሻጯ አንድ ዓይኗ ቲማቲሙ ላይ፣ አንድ ዓይኗ ፀሐይዋ ላይ ነው። የላላው ለነገ እንደማይደርስላት ታውቃለች። ያን ጊዜ ሂዱና «እህቴ፣ የላላውን በሙሉ ስንት ትይኛለሽ?» በሏት። እኔ ሻጭ ሳለሁ እንዲህ የሚለኝን ደንበኛ እንደ ዘመድ ነበር የማየው። ብዙ አትከራከሯት። እሷም ልጅ ቤት ትታ ነው የመጣችው።

የላላና የተበላሸ ግን ለየቅል ነው። የላላው ጫን ሲሉት ገባ ይላል፣ ቆዳው ግን ሙሉ ነው፣ ሲያሸቱትም ቲማቲም ነው። ቆዳው የተቀደደ፣ የሚያንጠባጥብ፣ ሻጋታ የጀመረ ከሆነ ተዉት። መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ ያለውንም ተዉት፤ ውስጡ ትል አለ። ለዛሬ ወጥ ቢሆን ክፉውን ቆርጦ ደጉን መጠቀም ይቻል ይሆናል። ለወራት ለሚቀመጥ ነገር ግን አይሆንም።

ለማድረቅም ለድልህም የሚሻለው ረዘም ያለው፣ እንቁላል የሚመስለው ነው። ሮማ የሚባለው ዓይነት ሥጋው ወፍራም፣ ውሃው ትንሽ ነው። እዚሁ አጠገባችን መልካሳ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው መልካ ሾላና መልካ ሳልሳም ለዚሁ ዓይነት ሥራ የሚሆኑ ናቸው። ክቡ፣ ትልቁ፣ ውሃማው ለሰላጣ ጥሩ ነው፤ ሲደርቅ ግን ቆዳ ብቻ ይቀራል።

የማስጣቱ ሥራ

አዳማ ሙቀቱና ነፋሱ ያስመርራል፤ እኔም አማርሬ አውቃለሁ። ለስጥ ግን እንዲህ ያለ አገር የት ይገኛል? ኮረብታው ላይ የንፋስ ማመንጫዎቹ ሲዞሩ ሳይ ዛሬ ስጤ ቶሎ ይደርቅልኛል እላለሁ። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ፣ ዝናብ ጣል ካደረገበት ቀን በቀር፣ ሁሉም ይሆናል። ሐምሌና ነሐሴ አትሞክሩት፤ ሳይደርቅ ይሻግታል።

ጠዋት በጊዜ ጀምሩ። ቲማቲሙን እጠቡና በጨርቅ አድርቁት። እጀታው የነበረበትን ጠንካራ ዓይን አውጡ። ከዚያ በቁመቱ ለሁለት፣ እያንዳንዱን ደግሞ ለሁለት ሰንጥቁት። አንድ ፍሬ አራት ይሆናል ማለት ነው። ከዚህ የወፈረ ከሆነ ውጪው ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀራል፤ የሚሻግተውም ከውስጥ ነው። ለአንድ ኪሎ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ነስንሱና ሩብ ሰዓት አቆዩት። የሚወጣውን ውሃ አትድፉት፤ ለዕለቱ ወጥ ይሆናል፣ ጨው መቀነስ ብቻ ነው።

አሁን ማስጣት ነው። ቆርቆሮ ጣራ ላይ በቀጥታ አታስጡ። ዝገት አለው፤ ከሥርም ይጠበሳል እንጂ አይደርቅም። እኔ አሮጌ የአልጋ ሽቦ አራት ድንጋይ ላይ አቁሜ፣ ላዩ ላይ ንጹሕ አቡጀዴ አነጥፋለሁ። አየር ከላይም ከታችም እንዲያገኘው ነው። ሰፌድም ጥሩ ነው፤ ትንሽ ነው የሚይዘው እንጂ። የተቆረጠው ፊት ወደ ላይ፣ አንዱ ካንዱ ሳይነካካ ይደርደር። ለዝንቡ ያረጀ ነጠላ ከላይ ወጥሩበት፤ ጨርቁ ቲማቲሙን እንዳይነካ ጎንና ጎኑን በእንጨት ከፍ አድርጉት። አጎበር የሚጠቀሙ ሰዎች አይቻለሁ። እባካችሁ አታድርጉት። ለወባ የሚታደለው አጎበር ፀረ ነፍሳት መድኃኒት ያለው ነው፤ ምግብ ላይ አይውልም።

ማታ ማታ ወደ ቤት አስገቡት። ጤዛ የቀኑን ሥራ ያፈርሰዋል፤ አይጥም አለ። በሁለተኛው ቀን አገላብጡት። በሦስተኛው ቀን ጠርዙ ተጠቅልሎ ቀለሙ ጠቆር ይላል፤ ግቢው በሙሉ ቲማቲም ቲማቲም ይሸታል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን አንዷን አንሱና እጠፏት። እንደ ቆዳ መታጠፍ አለባት። ስትጨምቋት ጣታችሁን ካረጠበች ገና ነው። አማቴ ጆሯቸው አጠገብ አድርገው ይሰብሯታል። ቀጭኑ ጫፍ ቀጭ ካለ «ደርሷል፣ አንሺው» ይሉኛል። እስካሁን ተሳስተው አያውቁም።

10 ኪሎ ቲማቲም ሲደርቅ ከግማሽ ኪሎ ትንሽ ከፍ ይላል። መጀመሪያ ያየ ሰው ይደነግጣል። የጠፋው ውሃው ነው፤ ቲማቲም መቶ እጅ ቢሆን ዘጠና አራት ያህሉ ውሃ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘላትን ሥራ ልንገራችሁ። ደረቀ ብላችሁ ወዲያው አሽጋችሁ አታስቀምጡ። ትልቅ ጠርሙስ ሁለት ሦስተኛውን ሙሉና ክደኑት። ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ነቅነቅ አድርጉት። የጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ላብ ካያችሁ፣ ወይም ቁርጥራጩ እርስ በርስ ከተጣበቀ፣ አውጥታችሁ አንድ ቀን መልሳችሁ አስጡት። ሳምንቱን ያለ ላብ ካለፈ ጨለማ ቦታ አስቀምጡት። ጠርሙስ ከሌለ ንጹሕ፣ በደንብ የደረቀ ሃይላንድም ይሆናል። እኔ ከጥር እስከ ነሐሴ አቆይቼ በልቻለሁ።

ለወጥ ስትፈልጉት ለብ ባለ ውሃ 20 ደቂቃ ዘፍዝፉት። የተዘፈዘፈበትን ውሃም ቁሌቱ ውስጥ ጨምሩት፤ ጣዕሙ እዚያ ነው። ለሽሮ ደግሞ በሙቀጫ ወቅጬ ዱቄት አደርገዋለሁ። ለአንድ ትንሽ ድስት አንድ የሾርባ ማንኪያ በቂ ነው። ዱቄቱ እርጥበት ቶሎ ስለሚስብ የሁለት ሳምንት ብቻ ውቀጡ።

በሶብላና ኮሰረትም ከገበያ በጥቅል ስገዛ አደርቃለሁ። እነሱ ግን ጥላ ነው የሚፈልጉት። ፀሐይ ሽታቸውን ይወስደዋል።

አሥራ አንዱ ጠርሙስ

ይህን ስጽፍ አሁንም ያንገበግበኛል፤ ግን ሰው ይማርበት።

በመጀመሪያው ዓመት የማውቀው ማፍላት ብቻ ነበር። አንድ ሙሉ ሳጥን ቲማቲም ገዛሁ። ቀቀልኩ፣ አጠለልኩ፣ አፈላሁ። የጃምና የማር ባዶ ጠርሙስ ሰብስቤ አጥቤ ነበር፤ አሥራ አንድ ሞላ። ላዩ ላይ ዘይት አደረግሁበት፣ ከደንኩና መደርደሪያ ላይ ደረደርኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ከሰል ነድዷል። ዘጠነኛው ሌሊት ላይ ጓዳ ውስጥ አንድ ነገር ጧ አለ። መብራት አብርቼ ስገባ የአንዱ ክዳን ተፈናጥሯል። የሌሎቹም ክዳን ወደ ላይ አብጧል፣ ውስጣቸው አረፋ ይተራመሳል።

አማቴ አዘኑልኝ። «ደግመሽ አፍልተሽው እንብላው፤ እሳት የማይገድለው የለም» አሉ። ልፋቴ ስላሳዘነኝ ልስማማ ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ጤና ጣቢያ ለምትሠራው ለእህቴ ልጅ ደወልኩ። «አክስቴ፣ እንዳትቀምሺው! ዛሬውኑ ጣዪው» አለችኝ። ከዚያ በእርጋታ አስረዳችኝ። ቦቱሊዝም የሚባል መመረዝ አለ። የሚያመጣው ተሕዋስ ዘሩ አፈር ውስጥ ነው የሚኖረው፤ የፈላ ውሃ ዘሩን አይገድለውም። አየር በሌለበት፣ እርጥበት ባለበት፣ ኮምጣጣነቱ ዝቅ ባለ ምግብ ውስጥ ነፍስ ይዘራል፣ መርዝም ይረጫል። አንዳንዴ ክዳን ያሳብጣል፣ አንዳንዴ ደግሞ ሽታም ጣዕምም አይለውጥም። ነርቭ ያሽመደምዳል፣ ትንፋሽ ያቋርጣል። ቲማቲም ኮምጣጣ ቢመስለንም ልኩ እንደ ዓይነቱና እንደ ብስለቱ ይለያያል፤ ድንበሩ ላይ ያለ ነገር ነው። ላዩ ላይ ያፈሰስኩት ዘይት ደግሞ አየር ዘግቶ የባሰ አመቻቸለት እንጂ አልጠበቀውም።

ሌላም አለ። አዳማ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው ከ95 ዲግሪ በታች ነው፤ መቶ አይደርስም። በባሕር ጠረፍ አገር የሚሠራ የጠርሙስ ማሸጊያ ሰዓት ለእኛ ያንሳል። በትክክል የሚያሽጉ ሰዎች ሎሚ ለክተው ይጨምራሉ፣ እንደ ከፍታው ደቂቃ ይጨምራሉ፣ አዲስ ክዳንም ይጠቀማሉ። እኔ ያ ሁሉ የለኝም። ስለዚህ ከሁለት አንዱን ነው የማደርገው፦ ወይ አደርቃለሁ፣ ወይ ፍሪዘር አስገባለሁ። መሀል ላይ ያለውን ትቻለሁ።

ድልሁን አሁን እንዲህ ነው የምሠራው። 5 ኪሎ የላላ ቲማቲም ቆራርጬ ያለ ውሃ ድስት ውስጥ እከታለሁ። በራሱ ውሃ ይበስላል። ግማሽ ሰዓት ሲሞላው በወንፊት አሸዋለሁ፤ ቆዳውና ዘሩ ይቀራል። ጭማቂውን ሰፊ አፍ ባለው ድስት አደርገዋለሁ። ጠባብ ድስት እሳት ይፈጃል፤ እንፋሎቱ የሚወጣው በስፋቱ ነው። መጀመሪያ ጠንከር ያለ እሳት፣ እየወፈረ ሲሄድ ቀዝቀዝ ያለ። መጨረሻ ላይ ከአጠገቡ አትጥፉ፤ ፍንጥርጥር ይላል፣ ሥሩም ያርራል። በማማሰያ ሲጎትቱት የድስቱ ወለል ታይቶ ቀስ ብሎ የሚዘጋ ከሆነ በቅቶታል። አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም።

ሲቀዘቅዝ በረዶ መሥሪያው ላይ በማንኪያ እሞላለሁ። ሲጠነክር አውጥቼ ፌስታል ውስጥ አጠራቅመዋለሁ። አንዷ እንክብል ለአንድ የቁርስ ስልስ ትበቃለች። በትልቅ ዕቃ ያቀዘቀዛችሁ እንደሆነ ለአንድ ማንኪያ ብላችሁ ሁሉንም ታቀልጣላችሁ። መብራት ሲጠፋ ፍሪዘሩን አትክፈቱ። ቀልጦ ከቆየ በዚያው ቀን አብስሉት። ፍሪዘር የሌለው ሰው ማድረቁን ይያዝ፤ ምንም አይጎድልበትም።

ነጭ ሽንኩርት ፈጭቶ ዘይት ውስጥ መደርደሪያ ላይ ማቆየትም ያው አደጋ አለው። ፍሪጅ ውስጥ ለሦስት አራት ቀን ብቻ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ፍሪዘር።

ቃሪያና ሽንኩርት

ቃሪያ ሲረክስ በአቸቶ እይዛለሁ። ቃሪያውን አጥቤ በሹካ ወጋ ወጋ አደርገዋለሁ። አቸቶና ውሃ እኩል በእኩል፣ ለአንድ ሊትር አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ ጥቂት ነጭ ሽንኩርት። አፍልቼ ቃሪያው ላይ አፈስሳለሁ። ሲቀዘቅዝ ፍሪጅ። አቸቶውን ለመቆጠብ ብላችሁ ውሃውን አታብዙ።

ቀይ ሽንኩርት አንገቱ ደርቆ የቀጠነውን ግዙ። አንገቱ ወፍራምና እርጥብ ከሆነ ሳምንት ሳይሞላው ይበቅላል። በከተማችን ስም የተሰየመ አዳማ ሬድ የሚባል የሽንኩርት ዝርያ እንዳለ ታውቃላችሁ? መልካሳ ነው የወጣው። ሽንኩርት በፌስታል አይቀመጥም፤ ያልባል። ከድንችም ጋር አይቀመጥም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ ቶሎ ይበላሻሉ። እኔ ባዶ የቲማቲም ሳጥን ውስጥ አንድ ረድፍ አድርጌ ከበር ጀርባ አስቀምጣለሁ።

ስምንት ጀሪካን

እማማ በፈቀዱልኝ ቦታ መሬቱ ላይ አሥር ያህል እግር ጎመን አለኝ። የቀረው ሁሉ ጀሪካን ነው። 20 ሊትር የሚይዘው የዘይት ጀሪካን ከላይ አንገቱ ይቆረጣል። ኬሚካል የነበረበትን በፍጹም አትጠቀሙ። ሥሩን በጋለ ሚስማር አምስት ቦታ ቀዳዳ አድርጉ። ከታች አራት ጣት ያህል ሬድ አሽ፣ ያን ቀዩን የእሳተ ገሞራ ጠጠር፣ አድርጉበት። አዳማ ዙሪያ ሬድ አሽ ሞልቷል፤ ቤት ከሚሠራ ጎረቤት ሁለት አካፋ ለምኑ። ውሃ እንዳይተኛበት ይረዳል።

አፈሩ ሁለት እጅ የመሬት አፈር፣ አንድ እጅ የቆየ ፍግ፣ ግማሽ እጅ አሸዋ ነው። ፍግ ቢያንስ ስድስት ወር የቆየ ይሁን። ሽታው የበረት ከሆነ ገና ነው፤ ሥር ያቃጥላል። ዝናብ የመታው አፈር የሚሸት ከሆነ ደርሷል።

የአዳማ ፀሐይ ፕላስቲኩን ያግለዋል። በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ችግኝ ሥራቸው ተቀቅሎ ሞቱብኝ። አሁን ጀሪካኑን በአሮጌ ማዳበሪያ ከረጢት እጠቀልላለሁ፤ አፈሩን ደግሞ በጤፍ ጭድ ሁለት ጣት ያህል አለብሰዋለሁ። ጭዱ ለውጥ አመጣ። ቀድሞ ጠዋት ማታ የማጠጣውን አሁን በቀን አንዴ ጠዋት ብቻ አጠጣለሁ።

ውሃን በተመለከተ አንድ ነገር ላይ ቆም ልበል። የኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሰው ውሃ ሲመጣ አትክልቱን ያጥለቀልቀዋል፣ ሲጠፋ ሦስት አራት ቀን ያደርቀዋል። ከዚያ የቲማቲሙ ቂጥ ጥቁርና ጠፍጣፋ ሆኖ ይበሰብሳል። በሽታ ነው ብለው መድኃኒት ይገዛሉ። ብዙ ጊዜ በሽታ አይደለም። ካልሲየም ወደ ፍሬው የሚሄደው በውሃ ተጭኖ ነው፤ ውሃው ሲቆራረጥ ፍሬው ጫፍ ላይ ሳይደርስ ይቀራል። ስለዚህ ለአንድ ጀሪካን ቲማቲም በየቀኑ ሁለት ሊትር ማድረግ በሳምንት አንድ ቀን ባልዲ ሙሉ ከመድፋት ይሻላል። ጎመንና ድንች ያጠብኩበትን ውሃ ባልዲ ውስጥ አጠራቅማለሁ። ሳሙና የነካውንና ጨው ያለበትን ግን አላጠጣም።

አንድ ጀሪካን አንድ ቲማቲም ብቻ ነው የሚይዘው። ሁለት ብትተክሉ ሁለቱም ይቀጭጫሉ። ችግኙ ከዘር አራት አምስት ሳምንት ሲሆነው፣ ማታ፣ ፀሐይ ስትበርድ ይተከላል። ግንዱን እስከ መጀመሪያው ቅጠል ድረስ ቅበሩት፤ ከግንዱ አዲስ ሥር ያወጣል። እንጨት ደግፉት። ሮማ አጭር ስለሆነ ቅርንጫፉን አትመልምሉት፤ ፍሬ የሚሰጠው በዚያ ነው። ዘሩን ከገዛችሁት ቲማቲም ማውጣት ይቻላል፤ ግን ጋሊላማን የመሰለ ድቅል ከሆነ ልጁ እናቱን አይመስልም። ሮማ ከሆነ ዘሩን ከነጭማቂው ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን አቆዩት። አረፋ ሲይዝ እጠቡት፣ ከታች የሰጠመውን ዘር ወረቀት ላይ ጥላ ውስጥ አድርቁት።

ቅጠሉ ላይ ነጭ የተድበለበለ መስመር ካያችሁ፣ ውስጡ ትል አለ። ቱታ አብሶሉታ ይሉታል። ወደ አገራችን ከገባ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የመቂን ገበሬ ያስለቀሰ ነገር ነው። ለጥቂት ጀሪካን መድኃኒት አያስፈልግም። ጠዋት ጠዋት ቅጠሉን አገላብጣችሁ እዩ፣ የተነካውን ቁረጡ፣ ፌስታል ውስጥ አስራችሁ ፀሐይ ላይ ጣሉት። ሥሩ ላይ አትተዉት።

ጎመን ላይ የሚመጣው ክሽክሽ ነው፤ ከቅጠሉ ጀርባ ዱቄት የመሰለ ግራጫ ነገር። ማታ በውሃ አጥቡት። ካልለቀቀ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ ርጩት፣ ጠዋት በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት። ጎመን ስትለቅሙ ከታች የጀመሩትን ትልልቅ ቅጠሎች ብቻ ውሰዱ። መሀል ላይ ያሉትን አምስት ስድስት ትንንሾች አትንኩ። እንዲህ ከያዛችሁት ወራት ያበላችኋል። ቆስጣም እንደዚሁ ነው።

ፓፓያ የሚወድ ሰው ሦስት ፍሬ ዘር አንድ ጉድጓድ ላይ ይትከል። ወንዴ የሆነው ሲያብብ ይታወቃልና ያን ጊዜ ይነቀላል። ዓመት ገደማ ነው የሚጠብቀው።

ድስቱ ላይ

ዘይት ነው የዛሬ ቤት የሚያራቁተው። ቁሌት ስሠራ ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት ነው የማቁላላው። ድስቱ ወፍራም፣ እሳቱ ትንሽ ይሁን። ሽንኩርቱ የራሱን ውሃ ያወጣል። ሊይዝ ሲል አንድ ማንኪያ ውሃ ጠብ አደርጋለሁ። 20 ደቂቃ ገደማ ሲሆን ቡናማ ሆኖ ይለሰልሳል፤ ዘይቱ ያን ጊዜ ይገባል። ሽንኩርት ጥሬውን ዘይት ሲያገኝ ብዙ ይጠጣል። በስሎ ሲያገኝ ግማሹ ይበቃዋል። ቲማቲሙ የሚገባው ከበርበሬው በኋላ ነው፤ በርበሬው ከዘይቱ ጋር በደንብ ከበሰለ አይጎመዝዝም።

የቀይ ሥር ቅጠል እንዳትጥሉ። እንደ ጎመን ይሠራል፤ እንዲያውም ቶሎ ይበስላል። የጥቅል ጎመን እምብርት በስሱ ተከትፎ ድንች አልጫ ውስጥ ይገባል። ይህን ጉልት ሳለሁ ሸማቾች ቆርጠው እየጣሉልኝ ሲሄዱ፣ እኔ ቤት ወስጄ ነበር የምሠራው።

እንጀራ ሲተርፍ በዚያው ሽቦ ላይ አሰጣዋለሁ። ቆራርሼ፣ አንድ ቀን በአዳማ ፀሐይ፣ ደርቆሽ ይሆናል። ሻጋታ የጀመረ እንጀራ ግን አይሰጣም፤ ፀሐይ ሻጋታውን አያጠፋውም። ሐምሌ ላይ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት በማይሄዱበት ሰሞን፣ ቁርሳችን እሱ ነው። ሽንኩርቱን አቁላላለሁ፣ የተዘፈዘፈውን ደረቅ ቲማቲም ከነውሃው እጨምራለሁ፣ በርበሬ፣ ከፍሪጅ አንድ ሁለት ቃሪያ። ሲንተከተክ ደርቆሹን እበትንበታለሁ፣ እከድነዋለሁ፣ ወዲያው ከእሳት አወርደዋለሁ። ሳይላቁጥ መብላት ነው። ጨው የሚጨመረው ከቀመሱ በኋላ ነው፤ ቲማቲሙ ጥር ላይ የተነሰነሰበት ጨው አለ።